የወይራ አፋፍ አሥራ አምስት ደቂቃ

የጎንደር ሰው አንድ ክፉ አመል አለበት፤ ችግሩን ለእንግዳ አያወራም። ጣራው ቢያፈስ፣ ላሙ ብትሞት፣ ወገቡ ቢቆረጥ፣ «እንዴት ሰነበታችሁ» ላለው ሰው ያለችው መልስ አንዲት ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ምኑ ክፉ ነው፣ ሸጋ አመል እንጂ የሚል አይጠፋም። ይበል። የወይራ አፋፍን ነገር ሰምቶ ሲጨርስ ደግሞ እንነጋገራለን።

በዚህ አመል የተነሣ አንድ መንደር ሙሉ ውኃውን ሊያጣ ነበር። ጥፋቱም የተሠራው በክፉ ሰው እጅ አይደለም፤ የትነበርሽ በምትባል በአንዲት የዋህ ልጅ እጅ ነው።

የትነበርሽ የስታትስቲክስ ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ የኮንትራት መረጃ ሰብሳቢ ሆና የተቀጠረች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። የገባችባት ክፍል ጠባብ ናት፤ ሥራዋ ግን ሰፊ ነው። ጎንደር ወደ ዘላቂ ልማት ግቦች ምን ያህል እንደተጠጋች የምትለካው ይህች ክፍል ናት። ውኃው፣ ቆሻሻው፣ ዛፉ፣ የእናቶች ጤና፣ ሁሉም ቁጥር ሆኖ ይገባባታል። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ ወደ ታች ሰፈሮቹ፣ ወደ ጎን ግቦቹ ተጽፈውበታል። ግቡ የተመታበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ክብ ወረቀት ይለጠፋል፤ መንገድ ላይ ያለው ቢጫ፣ የራቀው ቀይ። ወረቀቶቹን በመቀስ እየከበቡ የሚለጥፉት የክፍሉ ኃላፊ አቶ ልዑልቃል ናቸው። ኮምፒውተሩ ራሱ ቀለሙን እንደሚቀባ ስንት ጊዜ ተነግሯቸው እምቢ ብለዋል። በእጄ ያልለጠፍኩትን አላምንም ይላሉ።

ወይራ አፋፍ ደግሞ ወደ ደባርቅ የሚወስደውን አስፋልት ጥቂት ተከትለው ወደ ቀኝ ሲወጡ የሚገኝ መንደር ነው። እስከ ትናንት ገጠር ነበር፤ ከተማዋ እየሰፋች መጥታ ዋጠችው። ሰዉ ዛሬም ያርሳል፣ ከብት ያረባል፤ መታወቂያው ላይ ግን ከተሜ ነው። መብራት ገብቶለታል፣ ቧንቧ አልደረሰውም። በዚያ ዓመት ከተማዋ አንድ መስመር ዘርግታ ሁለት ቦኖ ልታቆም አቅዳ ነበር። ቦኖዎቹ የሚሄዱት በውኃው ዓምድ ቀይ ወረቀት ወዳላቸው ሰፈሮች ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመንደሩ ውኃ የተንጠለጠለው በአንዲት ክብ ወረቀት ላይ ነው።

የካቲት እንደገባ የትነበርሽ ታብሌቷን ታቅፋ ወይራ አፋፍን ቤት ለቤት ማዳረስ ጀመረች። ጥያቄ አሥራ አራት፣ ወረፋውን ጨምሮ ውኃ ቀድቶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል ይላል። ከሠላሳ በታች ከሆነ ሰፈሩ ግቡን መቷል ማለት ነው። ጥያቄ አሥራ አምስት፣ በውኃ አገልግሎቱ ረክተዋል ወይ ይላል። መልሱ በየቤቱ አንድ ነበር። ምንጯ እዚችው ናት፣ ከሥር፤ ተመስገን ነው።

ያገራችን ሰው መንገድ ሲጠየቅ «እዚችው ናት» ማለቱ የቆየ ነው። ግማሽ ቀን የሚያስኬደውንም እዚችው ናት ይላል፣ የመንገደኛው ልብ እንዳይወድቅ። የትነበርሽም ኮሶዬ ተወልዳ ያደገች ናትና ይህን አታጣውም። ምን ይደረግ፣ ታብሌቱ «እዚችው ናት» የሚባል መልስ አይገባውም፤ ቁጥር ካላጎረሱት ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። እሷም ቸገራትና አንድ ዘዴ ፈጠረች፤ «ሩብ ሰዓት ይሆናል?» ማለት ጀመረች። ይሆናል ልጄ ይሏታል። ስድስት ደቂቃ ብትላቸውም ይሆናል ባሏት። እንግዳን ፊት ለፊት ተሳስተሻል የሚል ማን ባለጌ አለ? አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት እያለች በአሥራ አንድ ቀን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ሞላች። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው ይኸው ነው።

ከሁሉ አብልጠው የተቀበሏት እትዬ እናኑ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗል፤ የሚኖሩት ከልጃቸው ከዝናሽ ጋር ነው። የዝናሽ ባል ለሥራ አይከል ከተማ ሄዷል፤ እሷ ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ወሯ ገብቶ ነበር። የትነበርሽ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብላ ገባች። እትዬ እናኑ የሽምብራ ቆሎ አቀረቡ። ከቆሎው በፊት እጇን አስታጠቧት፤ ውኃው ከማስታጠቢያው በቀጭኑ ወረደ። የታጠበችበትን ውኃ አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ በሳፋው ይዘው ወጡና ጓሮ ያለችውን የጌሾ ችግኝ አጠጡበት። የትነበርሽ ጥንቃቄያቸውን አደነቀች እንጂ ሌላ ምንም አልታያትም። ቆሎው አስጠምቷት ሁለት ጣሳ ውኃ ለምና ጠጣች። ስትወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበርና እትዬ እናኑ ጃንጥላቸውን በግድ አስያዟት።

ቁጥሩ ቢሮ ገባ። አቶ ልዑልቃል አንዲት አረንጓዴ ወረቀት ከበቡና ወይራ አፋፍ ላይ ለጠፉ። የከተማዋ የውኃ ግብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰባ በመቶን ተሻገረ። ክፍሉ ደስ አለው፤ የትነበርሽን «እጅሽ ይባረክ» ያላት ብዙ ነው። የሚመጣው ዓርብ የከተማዋ ኮሚቴ ሪፖርቱን ያጸድቃል፣ ቦኖዎቹም ለሌሎች ሰፈሮች ይታደላሉ። የትነበርሽም የወይራ አፋፍ ሰው ውኃ ቅርቡ መሆኑን እያሰበች ከልቧ ተደስታ ነበር። ይህን የምለው እንዳትፈርዱባት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጃንጥላውን ልትመልስ ወጣች። ታብሌቱን አልያዘችም፤ የያዘችው ለዝናሽ አጥሚት የሚሆን አንድ ኪሎ አጃ ነው። መውለዷን ሰምታለች። ደጅ ቆማ እንደምን አደራችሁ ስትል የመለሰላት የዝናሽ ድምፅ ብቻ ሆነ። ስትገባ ዝናሽ የሰባት ቀን ሴት ልጇን ታቅፋ ተኝታለች፤ ከራስጌዋ አንድ ማጭድ ተቀምጧል፤ በቤቱ ሌላ ሰው የለም።

ወይ ጉድ። አራስ ብቻዋን። በእኛ አገር አራስን ለአፍታ እንኳ ትቶ የሚወጣ የለም፤ ጎረቤት ይቀመጣል፣ ዘመድ ይቀመጣል፣ ሰው ሁሉ ሲጠፋ ነው ብረት ከራስጌ የሚደረገው። የትነበርሽ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካለች በኋላ ሰዎቹ የት ሄዱ ብላ ጠየቀች። እናቷም ጎረቤቶቹም ውኃ ወርደዋል አለቻት ዝናሽ። ከዚያ በልምምጥ፣ እናቴ እስክትመለስ ቁጭ በይልኝ፣ ብቻዬን ስሆን እፈራለሁ ብላ ለመነቻት። የትነበርሽ ስልኳን አየች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ነው። ሩብ ሰዓት ነው ብላ ተቀመጠች። እራሷ የጻፈችው ቁጥር አይደል?

ሩብ ሰዓቱ አለፈ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ሕፃኗ ነቅታ ጠባች፣ ደግማ ተኛች። የትነበርሽ ዛሬ ወረፋው ቢበዛ ይሆናል አለች። ኧረ የሁልጊዜው ነው አለች ዝናሽ፤ እንዲያውም ዛሬ እናቴ በጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ስለወረደች ሳይቀናት አይቀርም። እንዲህ እያወሩ ሳለ ነው ዝናሽ ስለ ምጧ የነገረቻት፣ እንደ ዋዛ፣ እየሳቀች። ምጡ የያዛት እናቷ ምንጭ ወርደው ሳሉ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ የቤቱን ምሰሶ አቅፋ ቆየቻቸው። «ተመስገን ነው፣ ሳልወልድ ደረሰችልኝ» አለች።

እትዬ እናኑ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሃያ ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ገቡ። የትነበርሽ ልትቀበላቸው ብድግ አለች፤ ጀሪካኑ ይዟት ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሴትየዋ ላባቸውን ሳይጠርጉ ጃንጥላው ስለተመለሰ ምስጋና፣ ስለ አጃው ምስጋና፣ አራሷን ስለጠበቀች ምስጋና አወረዱባት። ከየትነበርሽ ጆሮ ግን አንዱም አልገባም። በጣቷ ትቆጥር ነበር። ሁለት ሰዓት ከሃያ።

«እትዬ፣ ምነው ያን ቀን ሩብ ሰዓት ነው አሉኝ?»

«እኔ መች አልኩ? አንቺ ነሽ ያልሽው፤ እኔ ይሆናል አልኩ።» እትዬ እናኑ ጀሪካኑ ላይ የቀረውን የውኃ ጠብታ በመዳፋቸው ጠረጉ፣ እንዳይባክን ይመስል። «ደክሞሽ ደጄ ድረስ መጥተሽ በውኃ ላማርርብሽ? ደግሞስ ምንጭ ሲያሟት ትሸሻለች። በዚህ በጋ ከሸሸችን ወዴት እንገባለን?»

እንግዲህ ምሥጢሩ ይኸ ነበር። የወይራ አፋፍ ሰው እንግዳ ፊት አለማማረሩ አንድ ነገር ነው፤ ምንጩን ካማ ምንጩ ይደርቅበታል ብሎ ማመኑ ሌላ ነው። ታብሌቱን የሠራው ሰው ይህን ከየት ይወቀው? የትነበርሽ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ስትወርድ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷንም እንባው አልገደዳትም። ያስለቀሳት የቁጥሩ መሳሳት ብቻ አልነበረም። በቀጭኑ የወረደው የእጅ ውኃ፣ በሳፋ የተሸከሙት እጣቢ፣ ለምና የጠጣችው ሁለተኛው ጣሳ፣ ሁሉም አሁን ታያት። ምጧ የተቃረበ የአንዲት ልጅ እናት በጀርባዋ ያመጣችውን ውኃ ከቆሎው ጋር ጠጥታ ኖሯል «ረክተዋል» ብላ የጻፈችው።

ሰኞ ማለዳ አቶ ልዑልቃል ቢሮ ገብታ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓት ግን ይወዳሉ። መረጃው ተዘግቷል አሉ። የሚከፈተው አዲስ ልኬት ከመጣ ነው፤ ያውም ቢያንስ የሠላሳ ቤት፣ እስከ ሐሙስ፣ ሰው ነገረኝ ሳይሆን በሰዓት የተለካ። በዚያ ላይ የመጀመሪያው መረጃ የተበላሸው በማን እንደሆነ በጽሑፍ ተፈርሞ መያያዝ አለበት። የፈረመ የኮንትራት ሠራተኛ ለሚቀጥለው ዙር ስሙ እንደማይተላለፍ ሁለቱም ያውቃሉ። የትነበርሽ እስክሪብቶ ጠየቀች። ቆማ፣ ወንበር እንኳ ሳትስብ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ጽፋ ፈረመች።

አቶ ልዑልቃል ወረቀቱን አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አሥራ አምስት ደቂቃ ብሎ ሲመጣ እኔ አላየሁም? አይቻለሁ። አረንጓዴው ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ» አሉና ከስሟ ሥር ስማቸውን ጻፉ። የትነበርሽ አመሰግናለሁ ልትል አፏን ከፈተች። እሳቸውም ምስጋና አልጠበቁም፤ ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ወፍራሙን ጥቁር ማርከራቸውን አውጥተው፣ ምን ላይ እንደምትጽፊ ባላውቅም ያዢ ብለው ሰጧት።

ዕለቱ ሃያ አንድ ማርያም ነበርና የመንደሩ ማኅበርተኛ አያ ቢያዝን ቤት ተሰብስቧል። አያ ቢያዝን የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ነገር አይፈጥኑም፣ ከያዙ ግን አይለቁም። የትነበርሽ ፀሐይ ሳትገባ ደረሰች። ጽዋው ከተቀመሰ በኋላ እንድትናገር ተፈቀደላት። የጻፈችውን፣ የተለጠፈውን ወረቀት፣ ቦኖው ለሌላ ሰፈር ሊሄድ እንደሆነ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ዳግመኛ ልጠይቃችሁ ብላም ለመነች።

ያ ሁሉ ሰው ቦኖ አይፈልግም? ይፈልጋል እንጂ፤ ሆድ ያውቃል። ግን ማን ይጀምር? አንዷ አጎንብሳ፣ ምድራችን ውኃ አላት፣ እኛ መቼ ተቸገርን አለች። ሌላዋ አባቶቻችን የጠጡባትን ምንጭ በአፋችን አናሳጣትም አለች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል ይኸ ነው፤ ጠምቶትም ተመስገን ይላል። የትነበርሽ አንገቷን ደፋች። የሚሉትን ልታስተምራቸው አትችልም፤ ያስተማረችው ቃልማ የእሷ ቃል እንጂ የእነሱ አይሆንም።

ያኔ አያ ቢያዝን ማንም ያላሰበውን ጠየቁ። እኛስ እንደኖርነው እንኖራለን፣ አንቺን ግን ምን ያደርጉሻል አሉ። የትነበርሽ ልትዋሽ አልቻለችም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ፈርሜአለሁ፣ ሥራዬ ያበቃል፤ ልኬቱ ካልመጣ ደግሞ ስህተቱ በስሜ ሳይታረም ይቀራል አለች። ያጎነበሰው ሁሉ ቀና አለ። እንግዳ በእኛ ምክንያት ልትበደል ነው ማለት ነው። ይህን ደግሞ ወይራ አፋፍ አይችለውም።

እትዬ እናኑ ተነሡ። «እኔ ስለ ምንጯ ክፉ ቃል ካፌ አይወጣም» አሉ። «ጀሪካኔን ግን ላበድራት እችላለሁ። ስወርድ ሰዓቱን ትጻፍበት፤ ስወጣም ትጻፍበት። ምንጯን ማን አማት? ሰዓት ነው የተጻፈው።»

አያ ቢያዝን ጺማቸውን እያሹ ቆዩና ይኸ ሐሜት አይደለም ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። የእኔም ጀሪካን፣ የእኔም ጀሪካን እያለ ቤቱ ተንጫጫ። ለራሱ አንዲት ቃል ለመተንፈስ የተናነቀው መንደር፣ ለአንዲት የሰው ልጅ ሲሆን ጀሪካኑን ይዞ ተሰለፈ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ብለው የተናገሩ ሰዎች ይህን ሳያዩ አይቀሩም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሰማዩ ገና ሲገላለጥ፣ የትነበርሽ የመንደሩ መንገዶች ሁሉ ከሚገናኙባት ከትልቋ ወይራ ሥር ቆመች። ሴቶቹ በየተራ መጡ። የእያንዳንዷ ጀሪካን ምንጭ ላይ ከሌላው እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ የጨርቅ ቁራጭ ታስሮበታል፤ የእትዬ እናኑ ከባላቸው አሮጌ ጋቢ የተቀደደ ነው። የትነበርሽ ከጀሪካኑ ትከሻ ላይ ሰዓቱን በማርከር ትጽፋለች፣ በታብሌቷም ፎቶ ታነሣለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት። አሥራ ሁለት ከአሥር። ሠላሳ ስምንት ጀሪካን ወረደ።

መጀመሪያ የተመለሰችው አበቡ ናት፤ የእትዬ እናኑ ጎረቤት፣ ጉልበተኛ ሴት። ወረፋውን ለምና አልፋ፣ ዳገቱን እየሮጠች ወጥታ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰች። ቶሎ መጣሁልሽ አለቻት በኩራት። የትነበርሽ ልትስቅም ልታለቅስም ዳዳት። እህቴ እንደ ወትሮሽ ነው የምፈልግሽ ብላ አስረዳቻት። አበቡ በጣም አዘነች፤ ውኃውን ቤቷ ገልብጣ፣ አዲስ ሰዓት አስጽፋ እንደገና ወረደች። በዚያ ዳገት ሁለተኛ መውረድ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለተኛው ሁለት ሰዓት ከአርባ ፈጀባት። ማንም አላዘዛትም።

እትዬ እናኑ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆነባቸው። ፈጣኗ አንድ ሰዓት ከሃምሳ፣ ዘገምተኛዋ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈጀባቸው። ሁሉም ወይራዋ ሥር ሲደርሱ ጀሪካናቸውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ ወደ እሷ ያዞራሉ፤ እሷም ተንጠራርታ ትጽፋለች። አንዷ ስታልፍ፣ ሥራሽ ተቃናልሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ውኃው ይመጣልን ይሆን ብላ የጠየቀች ግን አንዲት እንኳ አልነበረችም። የትነበርሽ ያን ቀን በልቧ ያመሰገነቻቸውን ያህል ማንንም አመስግና አታውቅም።

ዓርብ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የትነበርሽ የመናገር መብት ስለሌላት ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። አቶ ልዑልቃል ሰንጠረዡን ከግድግዳ ነቅለው፣ ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የወይራ አፋፍ ነገር ሲነሣ ሰብሳቢው ግንባራቸውን ቋጠሩ። ይህች ከተቀየረች አማካዩ ከሰባ በታች ይወርዳል አሉ፤ ከተማዋ ወደፊት ትሄዳለች ብለን ወደ ኋላ ሄደች ልንል ነው ወይ?

«አልሄደችም» አሉ አቶ ልዑልቃል። «ይህች ነጥብ ድሮም ቀይ ነበረች። አረንጓዴ የቀባናት እኛ ነን።»

ፎቶዎቹን አቀረቡላቸው። ሰብሳቢው አንድ በአንድ ገለበጡ። ቢጫ ጀሪካን፣ የመውረጃና የመመለሻ ሰዓት፣ የጨርቅ ቁራጭ፤ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን፣ የመውረጃና የመመለሻ ሰዓት። የእትዬ እናኑ ጋር ሲደርሱ ቆሙ። ትክል ድንጋይ ገጠር የተወለዱ ሰው ናቸው ይባላል፤ የጀሪካንን ዳገት አያጡትም። ይህ ሁሉ ለሃያ ሊትር ነው ብለው ጠየቁ፤ ነው ተባሉ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መቀስ ያለው ሰው አለ ወይ አሉ። አቶ ልዑልቃል መቀሱን ከኪሳቸው አወጡ፤ ቀዩ ወረቀት ደግሞ ማለዳ ተከቦ ዝግጁ ነበር። አረንጓዴዋን በጥፍራቸው ፍቀው አነሡና ቀይዋን ለጠፉ። በዓለም ላይ ቀይ አይታ እፎይ ያለች ልጅ ብትኖር የትነበርሽ ናት።

የከተማዋ ቁጥር ስልሳ ስምንት በመቶ ሆነ። ከሁለቱ ቦኖዎች አንዱ ለወይራ አፋፍ ተመደበ። የትነበርሽም እንደተፈራው ኮንትራቷ አልታደሰም፤ ፒያሳ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብታ ፎቶ ኮፒ ስታነሣ ስምንት ወር ቆየች። አቶ ልዑልቃል በየጊዜው የሚነሣ ወረቀት ሳይኖራቸው ወረቀት ይዘው ይመጡ ነበር። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም፤ ለአዲሱ ዙር ጥናት የበላይ ሰዎች ከቢሮው የተላከላቸውን የጀሪካን አለካክ አይተው፣ ይህን የሚያስተምር ሰው ይምጣ አሉ። ለማስተማርም ለመለካትም የተጠራችው እሷ ሆነች።

በዓመቱ፣ በየካቲት፣ ታብሌቷን ይዛ ወይራ አፋፍ ወጣች። ቦኖዋ ወይራዋ አጠገብ ቆማለች፤ ኅዳር ላይ ነው የተመረቀችው። እትዬ እናኑ እንደ ልጃቸው አቅፈው ሳሟት። ዝናሽ ሴት ልጇን ብሌንን ታቅፋ ወጣች፤ ሕፃኗ እየዳኸች ቤቱን አተራምሳዋለች፣ ደግሞም ንጹሕ ናት። የሽምብራ ቆሎው ቀረበ። እጅ ማስታጠቢያው ሲመጣ የትነበርሽ እጇን ዘረጋች። ዛሬ ውኃው በወፍራሙ ወረደ። እጣቢውን ግን ዛሬም በሳፋ ይዘው ወጡ፤ ጌሾዋ ከጓሮው አጥር በልጣለች።

የትነበርሽ ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ደረሰች። ስንት ደቂቃ ብላ ልትጀምር ስትል እትዬ እናኑ ጀሪካናቸውን አነሡ። «ሰዓትሽን ያዢ» ብለው ወጡ። ወረፋ ቆመው፣ ቀድተው፣ ከሰው ተጨዋውተው ሲመለሱ ስምንት ደቂቃ ሆነ። ጻፈች። ጥያቄ አሥራ አምስት ቀረ፤ በውኃ አገልግሎቱ ረክተዋል ወይ?

«ተመስገን ነው፣ ልጄ፤ ምን ይጎድለናል።»

የትነበርሽ ፈገግ ብላ ጣቷን ወደ መልሱ ሰደደች። እትዬ እናኑ ግን አልጨረሱም ነበር። ተነሥተው በሩን መለስ አደረጉ። ወደ ምንጩ ወደ ገደሉ በኩል አንድ ጊዜ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

«ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትጠፋለች። ማሳወቂያም የለ። ደግሞ የፊተኛዋ ቧንቧ እጀታዋ ላልቶ ሌሊቱን ስትንጠባጠብ ታድራለች፤ ውኃ አይደል፣ ያሳዝናል። ጻፊው።» የትነበርሽ ጣቷ ታብሌቱ ላይ እንደቆመ ታያቸው ነበር። «ምነው አትጽፊም? ያን ጊዜ ባለመናገሬ ነው ያን ሁሉ ያየሽው። አሁን ጻፊ፣ እንዳትቀንሺብኝ።»

በዚያ መንደር፣ በእንግዳ ፊት፣ ከእትዬ እናኑ አፍ የወጣች የመጀመሪያዋ ስሞታ ይህች ናት። የትነበርሽ ሐሙስ፣ ከሰዓት፣ እጀታ እያለች አንድ ሳታስቀር ጻፈች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ፊደሉ ይደበላለቅባት ነበር።

«ተመስገን» አለች፣ በዚህ ተራ እሷ።